ዓሣው ሞተ፣ ውኃው ቀረ

ጣና አጠገብ እየኖሩ ዓሣን በመስታወት ሣጥን ማስቀመጥ ድፍረት ይጠይቃል። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አስፋልት ላይ ያለችው ሐሙሲት ፊቷን ወደ ምዕራብ ብታዞር 3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋ ሐይቅ አለላት። ቆሮሶው፣ አምባዛው፣ ነጭ ዓሣው እዚያ ነው። ክረምት ሲገባ ደግሞ እንቁላሉን ሊጥል ጉማራን ሽቅብ የሚወጣው ዓሣ በወረዳችን ዳር ያልፋል። እንዲህ ባለ አገር ዓሣ ማለት ተይዞ፣ ታጥቦ፣ ተጠብሶ በአዋዜ የሚቀርብ ነገር ነው። «ዓሣን መብላት በብልሃት» ያሉት አባቶቻችንም ስለ መብላቱ እንጂ ስለ ማየቱ ትንፍሽ አላሉም።

የሰፈራችን ካፌ እመቤት ይህን ሁሉ እያወቀች ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ፣ አየር በተሞላ ፌስታል፣ ጎልድፊሽ አስመጣች። አኳሪየሙን ከረከቦቱ ማዶ፣ ከቴሌቪዥኑ ሥር አኖረችው። 200 ሊትር ይይዛል፤ በእኛ ልኬት 10 ጀሪካን መሆኑ ነው። ከታች ጠጠር፣ ከጠጠሩ ላይ የፕላስቲክ ቤተ መንግሥት፣ ከጥግ በኩል ቀን ከሌት የምታንኮራፋ የአየር ሞተር። የመጀመሪያ ሰሞን ቡና ሊጠጣ የገባው ሁሉ ቴሌቪዥኑን ትቶ ከሥሩ ያለውን ያይ ነበር። ዓሣ ዜና አያነብ፣ ማስታወቂያ አያስገባ፣ መብራት ሲጠፋም አይቋረጥ።

ሐሙስ ሐሙስ፣ ከገበያ መልስ፣ ካፌው በባላገር ይሞላል። አንድ ቀን በዕድሜ የገፉ አባት ዱላቸውን ተደግፈው ዓሦቹን ብዙ አዩና ወደ እመቤቲቱ ዞሩ።

«ልጄ፣ እኒህ መቼ ነው የሚደርሱ?»

«አባባ፣ እኒህስ አይበሉም። ለዓይን ናቸው።»

«እግዜር ይማርሽ፤ ዓይንሽን ምን አገኘው?»

ዓቢይ ጾም ሲገባ ሌላ ክርክር ተነሣ። ዓሣ በጾም ይበላል፣ አይበላም የሚለው ሙግት በአገራችን እልባት አላገኘም። ግማሹ ይበላዋል፣ ግማሹ ይኮንነዋል፤ የባሕር ዳር ዓሣ ቤቶች ግን በጾም ወራት ወንበር አይገኝባቸውም። ከደንበኞቻችን አንዱ ቀልደኛ «በዓይንም ቢሆን መግደፍ መግደፍ ነው» ብሎ ሁለት ወር ሙሉ ጀርባውን ለአኳሪየሙ ሰጥቶ ተቀመጠ። በፋሲካ ማግሥት ወንበሩን አዞረ።

ደጉ ጊዜ እስከ ኅዳር ቆየ። የታኅሣሥ ብርድ ሲገባ የዓሦቹ ጠባይ ተለወጠ። ከጥግ ተወርውረው ይመጡና ጎናቸውን ከጠጠሩ ያሻሻሉ፤ ከቤተ መንግሥቱ ማዕዘን ጋር ይፋተጋሉ። ደንበኛው «ይጫወታሉ» አለ። ቀረብ ብሎ ላየው ግን በጅራታቸውና በክንፋቸው ላይ እያንዳንዱ 1 ሚሊ ሜትር የማይሞላ ነጭ ነጠብጣብ ፈሷል። በማግሥቱ ነጠብጣቡ በዛ። መተንፈሻ ስንጥባቸው ቶሎ ቶሎ እየተከፈተ ይዘጋል፤ ከሞተሯ አረፋ አጠገብ ተሰብስበው አፋቸውን ወደ ላይ አቀኑ። ከዚያ በኋላ ተራ በተራ በጎናቸው ተንሳፈፉ። የመጨረሻው ሲሞት አስተናጋጇ «ነፍስ ይ...» ብላ ጀመረችና አፏን ያዘች።

ዓሣው ሄደ፤ ውኃው ቀረ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተወሳሰበው። ሌላ አገር ቢሆን ውኃውን ደፍቶ፣ ሣጥኑን አጥቦ፣ ሌላ ዓሣ መግዛት ነው። የእኛ ሰፈር ቧንቧ ግን በፈረቃ የሚመጣ እንግዳ ነው፤ ሲመጣም ሌሊት ነው፣ ሲሄድም አይሰናበትም። 10 ጀሪካን ውኃ በአንድ ጊዜ መድፋት በእኛ ዘንድ እንደ ዕብደት ይቆጠራል። እመቤቲቱ እጇን በወገቧ አድርጋ አኳሪየሙ ፊት ቆመችና የቀኑን ጥያቄ ጠየቀች፦ «ውኃው እንዳለ ይቀመጥና አዲስ ዓሣ ብጨምርበት ምን ይለኛል? ዓሣ የለበትም እኮ! በሽታው ማን ላይ ሆኖ ይኖራል?»

ሐሙሲት ላይ ሰው ሲታመም ሐኪም ይፈለጋል፤ ዓሣ ሲታመም ግን ሁሉም ሐኪም ነው። ቡናው ሳይቀዳ ጉባኤው ተጀመረ።

የጋራዡ ሰውዬ እጁን በጨርቅ እየጠረገ «በረኪና!» አለ። «ሁለት ጠርሙስ ግልብጥ አድርጊበት። በረኪና የማያጠፋው ነገር የለም።» ባለፈው ዓመት የራሱን ሰማያዊ ሸሚዝ እንዳጠፋለት ሁላችንም እናውቃለን።

ልብስ ሰፊው መነጽሩን አውልቆ ተቃወመ። «ምኑን ነው የምትገድሉት? ዓሣው ከሞተ በሽታውም አብሮ ሞቷል። መዥገር ያለ በሬ ምን ይበላል?»

ከበሩ አጠገብ የተቀመጡ ባላገር ቀና አሉ። «ያለ በሬማ አይበላም። ግን መዥገር እኮ ሣር ጫፍ ላይ ወጥቶ ወር ሁለት ወር በሬ ይጠብቃል፣ ልጄ። የማይበላ ሁሉ አይሞትም።» ልብስ ሰፊው መነጽሩን መልሶ አደረገ።

ቡና የሚያፈሉት እማማ በበኩላቸው እንዶድ አዘዙ። ጡረተኛው መምህር «ኮሶ አጠጡት» አሉና ራሳቸው ሳቁ። የድሮ ሰው ኮሶ የጠጣ ዕለት በሩን ዘግቶ ይተኛል፤ ሊጠይቀው የመጣም «ኮሶ ጠጥቷል» ተብሎ ከደጅ ይመለሳል። መምህሩ ወረቀት ቀደዱና «ኮሶ ጠጥቷል፤ ጠያቂ አይቀበልም» ብለው ጽፈው መስታወቱ ላይ ለጠፉት።

በመጨረሻ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ስለ ዓሣ የሚማረው የጎረቤት ልጅ ተጠራ። ለዕረፍት መጥቶ ተኝቶ ነበር፤ ዓይኑን እያሻሸ ገባ። ጥያቄውን ሰምቶ አጭር መልስ ሰጠ፦ «ይሞታል፣ እትዬ። መቼ እንደሚሞት ግን እንደ ዓይነቱ ነው።»

«አንተ ልጅ፣ ይኸውልህ ቡና» አለች እመቤቲቱ። «ዓይነቱን ንገረን።»

ነጩ ነጠብጣብ አንድ ሕዋስ ብቻ ያላት ተውሳክ ናት። ፉኬ የተባለ ተመራማሪ በ1876 (እ.ኤ.አ.) ስም አውጥቶላታል። የዓሣውን ቆዳ ሰርስራ ገብታ ከሥሩ ትመገባለች፤ የምናየው ነጭ ነገር እሷ ያለችበት እብጠት ነው። ጠግባ ስትበቃት ዓሣውን ለቅቃ ትወርዳለች፤ ጠጠር ወይም መስታወት ላይ ትጣበቃለች፤ የሚያጣብቅ ሽፋን ለብሳ በውስጡ ለሁለት፣ ለአራት፣ ለስምንት እየተከፈለች ትሄዳለች። ሽፋኑ ሲቀደድ ከአንዷ በመቶዎች የሚቆጠሩ፣ አንዳንዴም እስከ 1,000 የሚደርሱ ልጆች ዋኝተው ይወጣሉ። እነዚህ ልጆች ስንቅ የላቸውም። ከ1 እስከ 3 ባለው ቀን ውስጥ ዓሣ ካላገኙ ያልቃሉ።

ልብስ ሰፊው «አላልኳችሁም?» አለ።

«ቆይ ጋሼ» አለ ልጁ። «የሚዋኙት በ3 ቀን ይሞታሉ። ጠጠሩ ላይ የተጣበቁት ግን ገና አልተነሡም።» የእነዚያን የመነሻ ቀን የሚቆርጠው ሙቀት ነው። ውኃው 25 ዲግሪ ሲሆን ዙሩ በሙሉ በ1 ሳምንት ገደማ ያልቃል፤ 10 ዲግሪ ሲሆን ከ1 ወር በላይ ይጎተታል። ስለዚህ አኳሪየማቸው ማሞቂያ ያለው ሰዎች ዓሣ አልባውን ውኃ 2 ሳምንት ጠብቀው ያለ ሥጋት ዓሣ ይመልሳሉ። ማሞቂያ ለሌለው፣ የታኅሣሥ ሌሊት ለሚያቀዘቅዘው የሐሙሲት ካፌ ግን ያ ቀን እጥፍ ቢሆንም አይበዛበትም። ገበያ ላይ የሚሸጠው መድኃኒትም የሚያገኘው በመዋኘት ላይ ያሉትን ብቻ ነው፤ ዓሣው ቆዳ ሥር ያለችውን አይደርስባትም፣ ሽፋን የለበሰችውንም አይነካትም። አንድ ቀን መድኃኒት ጨምሮ በማግሥቱ «አልሠራም» የሚል ሰው የጠላቱን ግማሽ እንኳ አላየም።

ከዚህ በኋላ ልጁ ሌሎቹን እንግዶች ይቆጥር ጀመር፤ የቡናው ሁለተኛም ተቀዳ። ዓሣው ቆዳ ላይ የምትኖር፣ በዓይን የማትታይ አንዲት ትል አለች፤ እንቁላል አትጥልም፣ ትወልዳለች። የሚገርመው ሆዷ ውስጥ ልጅ አለች፣ በልጇ ሆድ ውስጥ ደግሞ የልጅ ልጅ። እማማ ይህን ሲሰሙ ጀበናውን አስቀመጡ። «ሳትወለድ አረገዘች ነው የምትለኝ?» «አዎ፣ እማማ።» «የዘንድሮ ልጆች!» አሉ። ያቺ ባለ ሦስት ትውልድ ዓሣ ካጣች በጥቂት ቀናት ከነዘሯ ትጠፋለች። ዘመዷ ግን እንቁላል ጣይ ናት፤ እናቲቱ ብትሞትም እንቁላሏ ይቆያል፣ ውኃው በቀዘቀዘ ቁጥር ደግሞ ቆይታው ይረዝማል።

ከሁሉ ዓይነ ደረቅ የዓሣ ቅማል ነው። ይኸኛው በዓይን ይታያል፤ ጠፍጣፋ ነው፣ ዓሣው ላይ ሆኖ ይሽከረከራል፣ ደም ይመጥጣል። እንቁላሉን ሊጥል ሲፈልግ ዓሣውን ትቶ ይወጣና መስታወቱ ላይ በረድፍ በረድፍ ለጥፎት ይመለሳል። ውኃው ከሞቀ እንቁላሉ በ2 ወይም በ3 ሳምንት ይፈለፈላል፤ ከቀዘቀዘ ከ1 ወር በላይ ይቆያል። የተፈለፈለው ደግሞ ዓሣ ካላገኘ በጥቂት ቀን ይሞታል። ከበሩ አጠገብ ያሉት ባላገር ራሳቸውን ነቀነቁ፤ መዥገራቸው ረታ።

እዚህ ላይ ከሐይቁ ዳር መጥቶ ዓሣ የሚያከፋፍለው ጎልማሳ ጣልቃ ገባ። «እኛስ ጋ የሚወጣው ነጭ ጥብጣብ?» አለ። ነገሩን ያየ ያውቀዋል፦ ጣት የምታህል ዓሣ ሆዷ ተነፍቶ ትያዛለች፤ በቢላዋ ሲከፈት ከውስጧ ነጭ፣ ጠፍጣፋ ትል እየተተረተረ ይወጣል። ተዘርግቶ ሲለካ ከዓሣዋ ራሷ ሊረዝም ይችላል። «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» የሚለው ተረት እንዲህ በቢላዋ ጫፍ ሲረጋገጥ አያስቅም። ሊጉላ የተባለው ይህ ትል በጣና ትንንሽ ዓሦች ላይ መኖሩ በጥናት የተረጋገጠ ነው፤ ዶክተር እሸቴ ደጀን ከሆላንድ ባልደረቦቹ ጋር ያዘጋጀው ጽሑፍ በ2006 (እ.ኤ.አ.) ታትሟል።

የሊጉላ ኑሮ የሦስት ቤት ኪራይ ነው። እንቁላሉ ውኃ ውስጥ ይፈለፈላል፤ የተፈለፈለውን በዓይን ለማየት የሚያስቸግር የውኃ ፍጡር ይውጠዋል፤ ፍጡሩን ትንሿ ዓሣ ትበላዋለች፤ ትሉ ሆዷ ውስጥ ያድግና መካን ያደርጋታል። ሆዷ ያበጠው ዓሣ ላይ ላዩን ስትዋኝ ፔሊካን ወይም ሌላ ዓሣ በሊታ ወፍ ያነሣታል። ትሉ ለአቅመ አዳም የሚደርሰው ከወፉ አንጀት ከገባ በኋላ ነው፤ ጥቂት ቀን ኖሮ፣ እንቁላሉን በወፉ ኩስ ወደ ሐይቁ ልኮ ይሞታል። ይህን ሁሉ ዓመት ሙሉ ለፍቶ የሚያገኛት ደስታ የጥቂት ቀን ናት።

የጋራዡ ሰውዬ ኮርኒሱን አየ። ፔሊካን የለም። «ስለዚህ እኛ ጋ አይራባም» አለ፤ ትክክል ነበር። አኳሪየም ለእንዲህ ዓይነቱ ባለ ብዙ ቤት ተውሳክ ምድረ በዳ ነው። ከሦስቱ ቤቶች አንዱ ከጎደለ ዘሩ ይቆማል። የካፌ ሣጥን ውስጥ የሚያሰጋው ከዓሣ ወደ ዓሣ ያለ ደላላ የሚሻገረው ነው፤ እሱም ነጩ ነጠብጣብ፣ የቆዳ ትሎችና ቅማሉ።

የእማማ እንዶድም ያለ ነገር አልተነሣም። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 (እ.ኤ.አ.) ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ብዙ ቀንድ አውጣ ሞቶ አየ። ቢልሃርዚያ ያለ ቀንድ አውጣ ኑሮ የላትም፤ ከሰው የወጣው እንቁላል ተፈልፍሎ ቀንድ አውጣ ካላገኘ በ1 ቀን ገደማ ያበቃለታል፣ ከቀንድ አውጣው የወጣው ደግሞ ሰው ካላገኘ ከ2 ቀን አይዘልም። አክሊሉ ከባልደረባው ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 (እ.ኤ.አ.) ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ያገኘው በዚያ ሥራ ነው። ጣና ዳር ለሚኖር ሰው ደግሞ ከዚህ አንድ ጥቅም አለ፦ ከሐይቁ የተቀዳ ውኃ ቀንድ አውጣ በሌለበት ዕቃ 2 ቀን ካደረ፣ ለገላ መታጠቢያ ሲውል ቢልሃርዚያ አይሰጥም። ለመጠጥ ግን ማፍላቱ አይቀርም፤ ሌላው ጀርም ገና እዚያው ነው።

«እንግዲያው እንዶድ እንጨምርበት» አሉ እማማ በድል አድራጊነት። ልጁ እጁን አነሣ። እንዶድ ቀንድ አውጣውን ሲገድል ዓሣውንም ይገድላል፤ ባዶ ሣጥን ሊያጥቡበት ይቻላል፣ በኋላ ደጋግሞ ማለቅለቅ እስካልተረሳ። የጋራዡ በረኪናም ፍርዱ ይኸው ነው። ተውሳኩን ይገድላል፤ ጠጠሩ ውስጥ ከቀረ ደግሞ አዲሱን ዓሣ ይገድላል። ያኔ ካፌዋ በሽታውን አሸንፋ ዓሣ አልባ ትሆናለች ማለት ነው።

የመምህሩ ኮሶ ግን ቀልድም ቢሆን ትምህርት ነበረው። በ1770 (እ.ኤ.አ.) ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ስለ ኮሶ ዛፍ በመጽሐፉ ጽፎ ሥዕሉንም አስወጥቶለታል፤ ጥሬ ሥጋ ወዳዱ አገራችን ለዘመናት በየሁለት ወሩ ኮሶ ይጠጣ ነበር። የከብት ሥጋው የኮሶ ትል ሙሉ ሰውነት የሚያገኘው ሰው አንጀት ውስጥ ብቻ ነው። ከሰው ሲወጣ ራሱ ይሞታል፤ እንቁላሉ ግን እርጥብ ሣር ላይ ወራት ይቆያል፣ ከብት ይበላዋል፣ ዙሩ ይቀጥላል። በዓሣውም፣ በከብቱም፣ በሰውም ቤት ሕጉ አንድ ነው። ትሉ ይሞታል፤ እንቁላሉ ይጠብቃል፤ የሚጠብቀውም እርጥበት ላይ ነው።

እመቤቲቱ ይህን ሁሉ ሰምታ ወደ ገንዘቧ ተመለሰች። «እሺ፣ ውኃውን ሳልደፋ ልጠብቅ?» መጠበቅ ይቻላል። ሞተሯ እየሠራች፣ አንድም ዓሣ ሳይገባ፣ አንድ ወር ተኩል ቢቀመጥ ብዙው ይጠራል። «አንድም ዓሣ» የሚለው ላይ ግን ልጁ ጣቱን ቀሰረ፤ «አንዲት ትንሽ ብቻ ልሞክር» የተባለች ዓሣ ለተራቡት ሁሉ የሠርግ ድግስ ናት። እኛ ደግሞ ባዶ ነገር አንወድም። ባዶ መሶብ ክዳን እንጭንበታለን፤ ባዶ ወንበር ካየን ቦርሳ እናስቀምጥበታለን። ባዶ አኳሪየም ፊት አንድ ወር ተኩል እጅን ሰብስቦ መቀመጥ ከሐሙሲት ሰው የሚጠበቅ ትዕግሥት አይደለም። መምህሩ ከለጠፉት ወረቀት ሥር በሦስተኛው ቀን አንድ ደንበኛ ከሐይቁ ያመጣትን ትንሽ ቆሮሶ በኩባያ ይዞ መገኘቱ ምስክር ነው።

ሁለተኛው መንገድ ማድረቅ ነው። ጠጠሩን አውጥቶ በቆርቆሮ ላይ ማስጣት፣ መስታወቱን ፈትጎ በፀሐይ ማስቀመጥ፣ ሞተሯን፣ ቱቦውን፣ መረቡን፣ ቤተ መንግሥቱን ሁሉ አጥንቱ ድረስ ማድረቅ። ሽፋን ለባሿም፣ ባለ ረድፉ እንቁላልም ድርቀትን አይችሉም። ውኃ ውስጥ ወር የሚፈጀውን ሥራ ፀሐይ በጥቂት ቀን ትጨርሰዋለች። የሚረሳው ሁልጊዜ ትንሹ ነገር ነው፦ በባልዲ ሥር የቀረ እርጥብ መረብ፣ ቱቦ ውስጥ ያደረ አንድ ስኒ ውኃ። መልሶ የሚያስገባው እሱ ነው።

አንድ ነገር ግን ዓሣ በሌለበትም በምቾት ይኖራል። የዓሣ ሳንባ ነቀርሳ የሚባለው ባክቴሪያ ነው፤ ትል አይደለም፣ ዓሣም አይጠብቅም። መስታወቱ ላይ በሚይዘው ሙልጭልጭ ሽፋን ውስጥ ይኖራል። አሮንሰን የተባለ ሐኪም በ1926 (እ.ኤ.አ.) ፊላደልፊያ አኳሪየም ከሞቱ ዓሦች አውጥቶ ለይቶታል። እጁ የተቆረጠ ሰው ባዶ እጁን ውኃው ውስጥ ሲያስገባ በቁስሉ ገብቶ ቆዳው ላይ ለወራት የማይድን እባጭ ሊያወጣበት ይችላል። ስለዚህ አጣቢው ጓንት ያድርግ። የቡና ስኒ በሚታጠብበት ሳፋም የአኳሪየም ጠጠር አይታጠብም። ይህ ሲነገር ሁላችንም ስኒያችንን አየን፤ አስተናጋጇ ደግሞ ጣራውን።

እመቤቲቱ ፀሐዩን መረጠች። ቀረ አንድ ጥያቄ፦ 10 ጀሪካኑ ውኃ የት ይሂድ? የጋራዡ ሰውዬ በባጃጅ ጭኖ ጉማራ ሊደፋው ቃል ገባ። «የወንዝን ለወንዝ» አለ፤ ደግነቱም ከልቡ ነበር። ከአንዲት ጥያቄ በቀር በጉባኤው ድምፁን ያላሰማው ዓሣ አከፋፋይ ያን ጊዜ ከወንበሩ ተነሣ።

የተነሣው በምክንያት ነው። ጣና ውስጥ በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኙ 15 ገደማ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች አሉ፤ ከእነሱ ብዙዎቹ እንቁላላቸውን የሚጥሉት ጉማራንና መሰሎቹን ወንዞች ወጥተው ነው። ጎልድፊሽ ከእስያ የመጣ እንግዳ ነው፤ ከገበያ ወደ ገበያ ሲዞር ቆዳው ላይ የሚሸከመውን ተውሳክ የእኛዎቹ ዓሦች አይተውት ላያውቁ ይችላሉ። ባዶ ሣጥን ውስጥ በረኃብ የሚሞተው ተውሳክ ወንዝ ሲገባ 3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ሙሉ ማዕድ ይቀርብለታል። ለዓይን ተብሎ የመጣ ነገር የት እንደሚያደርስ ደግሞ ጣና ከማንም በላይ ያውቃል። እንቦጭ ከደቡብ አሜሪካ ወጥቶ ዓለምን የዞረው አበባው ስላማረ ነበር፤ በ2011 (እ.ኤ.አ.) ሐይቃችን ላይ ታየ፣ ዘሩም ጭቃ ውስጥ ዓመታት ተኝቶ ስለሚነሣ እስከ ዛሬ ገበሬው ከነልጆቹ በእጁ ይነቅለዋል።

እናም አኳሪየም ያላችሁ ሁሉ፣ ሐሙሲትም ሁኑ ባሕር ዳር፣ ዓሣችሁ ሲሞት «ባዶ ሆነ» ለማለት አትቸኩሉ፤ እርጥብ እስከሆነ ድረስ ባዶ አይደለም። መጠበቅ ከቻላችሁ ጠብቁ፤ ካልቻላችሁ አድርቁ። በረኪና ያልገባበትን ውኃ ለጌሾው አጠጡት፣ ደረቅ መሬት ላይ ማንንም አይጎዳም። ጠጠሩን ለፀሐይ ስጡት። ለጣና ግን ምንም አትላኩለት፤ የራሱ ይበቃዋል።